የጉብታው አናት

ከቤቱ ጀርባ ባለው እርሻ መሀል አንድ ጉብታ አለ። ከሩቅ ላየው ሰው መሬቱ በልቶ ጠግቦ በጀርባው የተኛ ይመስላል። ሥሩ ማን እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ብረት ገና ሳይታወቅ የኖሩ ሰዎች ድንጋይ እየለቀሙ የከመሩት መቃብር ነው ተብሎ በቅርስነት ተመዝግቧል። ግርጌው ላይ የቆመችውን የቆርቆሮ ማስታወቂያ ዝገት በልቷታል፤ ጽሑፏ ግን ይነበባል። «የተጠበቀ ቅርስ። መቆፈር በሕግ ያስቀጣል» ትላለች።

የቤቱ አባወራ በሕይወት ሳለ ይህችን ማስታወቂያ በቃሉ ያውቃት ነበር። «መቆፈር ነው እንጂ መከመር ያስቀጣል አላለም» ይልና ከእርሻው የለቀመውን ድንጋይ ጉብታው ላይ ይጨምራል። አባቱም እንዲሁ ሲያደርግ ነው የኖረው። ደግሞም አይፈረድባቸውም። የዚያ እርሻ አፈር ድንጋይ ይወልዳል። ዘንድሮ ተለቅሞ ያለቀው መሬት ለከርሞ ማረሻ ሲገባበት ሌላ ድንጋይ ያወጣል። ድንጋዩ የትም ቢጣል የሚታረስ መሬት ይሸፍናል፤ የማይታረስ ቦታ ደግሞ ከጉብታው ሌላ የለም። እናም ጉብታው ከዓመት ዓመት እያደገ ሄደ። ሰው ከሞተ በኋላ አያድግም፤ የዚህ እርሻ ሟች ግን ያድግ ነበር።

ለቀማው ሲያበቃ የሚፈጸም የቤቱ ሥርዓት አለ። የዓመቱ የመጨረሻ ድንጋይ መዝጊያ ይባላል። መዝጊያውን ተሸክሞ ወጥቶ አናቱ ላይ የሚያስቀምጠው የበኩር ልጅ ነው፤ ሌላው ቤተሰብ ከታች ቆሞ ያያል። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ድንጋይ በዙሪያው ይከመርና ሌላ መዝጊያ ከላይ ይመጣል። ይህን ሥርዓት ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ሌላ ቤት ውስጥም የለም። አባትየው ግን ከማስታወቂያዋ ሕግ ይልቅ ይህችኛዋን ሕግ ያከብር ነበር።

ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ታላቁ ወንድ፣ ታናሿ ሴት። ሴቷ ገና እግር ስታወጣ ጀምሮ ያገኘችውን ጠጠር ጨብጣ ወደ ጉብታው ስለምታዘግም አባቷ ጉንዳን ብሎ ጠራት፤ ጉንዳን ሆና ቀረች። ዛሬ ፀጉሯን ሽበት የጀመራት፣ ትራክተር የምትነዳ፣ ከማንም ወንድ እኩል የምትሸከም ሴት ናት። እናቷ ግን አሁንም «ጉንዳኔ» ነው የምትላት።

ወንድሟ ከቤት የወጣው በአንድ ድንጋይ ሰበብ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በዚያ ዓመት የእርሻውን ምሥራቅ ጠርዝ የለቀመው እሱ ነበር። «ጨርሻለሁ» አለ፤ አባትየው ትራክተሩን ይዞ ገባ፤ ብዙም ሳይሄድ ማረሻው ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ተሰበረ። በእርሻ ወቅት መሀል ማረሻ መሰበር ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ አይነገርም። አባትየው ዓይኑ ደም ለበሰ። ጎረቤት ቆሞ እያየ «ዋሾ! ሳትለቅም ለቀምኩ ትለኛለህ?» አለው። ልጁ «ለቅሜያለሁ» አለ። «ዋሾ» አለው ደግሞ። ልጁ በነጋታው ጨርቄን ማቄን ሳይል ከተማ ገባ፤ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነና እዚያው ቀረ።

ድንጋዩን ያወጡት አባትና ሴት ልጁ ናቸው። ሲቆፍሩት ሽቅብ የሾለ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ፤ ጫፉ እንኳ አፈር ለብሷል። ከላይ ሆኖ ሊያየው የሚችል ዓይን አልነበረም። አባትየው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ለረዥም ጊዜ ሲያየው ጉንዳን አጠገቡ ነበረች። ይቅርታ የምትባለዋ ቃል የዚያን ሰው ጉሮሮ አልፋ አታውቅም። ድንጋዩን እያማጠ ተሸክሞ ቤት አደረሰውና በሩ አጠገብ አስቀመጠው። «ይኼ የሱ መዝጊያ ነው። ሲመጣ ያስቀምጠዋል» አላት። ለሚስቱ ይህን እንኳ አልነገራትም፤ «እስከዚያው ተቀመጪበት» ብቻ አላት። እስከመቼ እንደሆነ እሷም አልጠየቀች።

በዚያው ዓመት ለቀማው ሲያልቅ ጉንዳን አናቱን ልትሞላ ድንጋይ አቅፋ ወጣች። አባቷ ከታች ጮኸባት። «ተይው! ባለቤቱ ይመጣል።» ለከርሞም «ባለቤቱ ይመጣል።» ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። የምትለቅመው እሷ፣ የምትሸከመው እሷ፣ ወገቧን ይዛ የምታድረው እሷ፤ አናቱ ግን እዚያ ለሌለ ሰው ተጠብቆ ይቀመጣል። ዙሪያው እየተከመረ መሀሉ ባዶ ሲተው አናቱ ላይ ጉልበት ድረስ የሚያስገባ ጉድጓድ ተፈጠረ።

አባትየው ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። ወንድምየው ሩቅ መንገድ ላይ ነበርና ለቀብሩ አልደረሰም። ሲመጣ ጉንዳን በሩ ላይ ቆማ «አሁን ማንን ልታይ መጣህ?» አለችው። በገዛ አባቱ ሐዘን ላይ እንደ ባዳ ጥግ ይዞ ተቀመጠና ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ናቸው። ስለ መዝጊያው አልነገረችውም። እልኋ አላስነገራትም ማለት ይቀላል፤ የአባቷን ጉሮሮ ወርሳለች።

አንድ ቀን ብቻ፣ አባቷ ከሞተ በኋላ፣ ጉድጓዱን ልትሞላው ቆርጣ ወጥታ ነበር። ከታች የሚጮህባት የለም። ግን እጇ እምቢ አላት። ድንጋዩን ዳር ላይ ጥላው ወረደች። በራሷ ተናደደች፣ በአባቷ ተናደደች፣ ከሁሉም ይልቅ በወንድሟ ተናደደች።

የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዋ የመጣችው ገብሱ ታጭዶ መሬቱ ገና ሳይገለበጥ ነው። ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ የደፋች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ሥራዋ በየገጠሩ እየዞሩ የተመዘገቡ ቅርሶችን ማየት ነው። ጉብታውን ዞረችው፤ ቁመቱን ለካች፤ ግራ ገብቷት እንደገና ለካች።

«እህቴ፣ ይኼ ጉብታ አድጓል።»

«አፈሩ ጥሩ ነው» አለች ጉንዳን።

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ላይ ወጣች። አናቱ ላይ ስትደርስ ያ የዋጠችው ሳቅ ከፊቷ ድራሹ ጠፋ።

«ይኼን ማን ቆፈረው?»

«ማንም አልቆፈረውም።»

«ጉድጓድ ነው እኮ።»

«ጉድጓድማ ነው። ግን አልተቆፈረም።»

ጉንዳን ይህን ስትል ለራሷም የሌባ ንግግር መሰላት። ባለሙያዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። መቃብር የሚዘርፉ ሰዎች ልክ እንዲህ ከአናቱ እንደሚገቡ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ጉብታው ተቆፍሮ ከተገኘ ዙሪያው በሙሉ ይታጠራል፤ እዚያ እርሻ ላይ ሁለተኛ ማረሻ አይገባም። «እኔ ገና ምንም አልወሰንኩም» አለች። «ድንጋዩን እያነሳሁ ውስጡን ማየት አለብኝ። መሬቱ በማን ስም ነው?»

«በኔና በወንድሜ።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ባላችሁበት ነው የማየው። በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ። ወንድምሽ ይምጣ።»

መኪናዋ ከዓይን ከራቀ በኋላ ጉንዳን እዚያው ገለባው ላይ ቆማ ቀረች። እርሻው ከሄደ እሷም አለቀላት። ሌላ ሙያ የላትም፤ እናቷን ይዛ የምትገባበት ሌላ ቤትም የላትም። እርሻውን ለማዳን ደግሞ ጉድጓዱን ማስረዳት ሊኖርባት ነው፤ ጉድጓዱን ለማስረዳት ያን ሁሉ ዓመት በሆዷ የያዘችውን ወንድሟ ፊት ማውጣት ሊኖርባት ነው። መሬቱን ከማጣትና ይህን ከመናገር የትኛው እንደሚከብዳት ለራሷም አልለይ አላት።

ማታውን ደወለች።

«ሄሎ» አለ ወንድሟ። ከበስተኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«እኔ ነኝ።»

«እማዬ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። ምላሷም ደህና ነው። ለመሬቱ ጉዳይ ነው የምትፈለገው።»

ነገሩን በአጭሩ ነገረችው፤ ጉብታው አናት ላይ ጉድጓድ ተገኝቷል፣ ተቆፍሯል ተብሎ ተጠርጥሯል አለችው። የቀረውን ዋጠችው። ጋሼ እያለች ያደገችውን ወንድሟን አንዴም ጋሼ ሳትለው ወሬው አለቀ። እሱም ልብ ብሎታል፤ «እመጣለሁ» ሲል ድምፁ ደከም ያለ ነበር።

በቀጠሮው ዋዜማ መጣ። እናትየው በሩ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። የጫማውን ኮቴ ስትሰማ ቀና አለች።

«አገር ምድሩን ስታመላልስ ትውላለህ» አለችው፣ «እኛ ጋ ብቻ ፌርማታ የለህም?»

ጎንበስ ብሎ ሳማት። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችው። «ከስተሃል» አለች። ቀጥላ ሆዱን ዳበሰችና «አይ፣ አልከሳህም» አለች። እሱ ሳቀ፤ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀምጦ አተሩን አብሯት መፈልፈል ያዘ። ሲደክመው ክንዱን ድንጋዩ ላይ ጣል አደረገ።

ጉንዳን በመስኮት ታየዋለች። የገዛ ድንጋዩን ተደግፎ ተቀምጧል፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ወጥታ ልትነግረው ሁለቴ ተነስታ ሁለቴ ተመለሰች።

«ይኼ ድንጋይ ድሮ አልነበረም መሰለኝ» ሲል ሰማችው።

«አባትህ መቀመጫ ብሎ አመጣልኝ። ይኸው እስከዛሬ ይቆረቁረኛል» አለች እናቱ። «አሳቢ ሰው ነበር።»

እራት ላይ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ያወራችው እናትየው ብቻ ናት። ሁለቱ ልጆቿ ዳቦውን እያቀባበሉ አንዱ የሌላውን እጅ እንጂ ፊቱን ሳያዩ በሉ።

ጠዋት ሦስቱ፣ ባለሙያዋ፣ ወንድምና እህት፣ ጉብታው ላይ ወጡ። ባለሙያዋ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበረከከችና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሳች እያገላበጠች ማየት ጀመረች። ወንድምየው ጉድጓዱን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። እህቱን በክንዷ ይዞ ፈንጠር አደረጋት።

«ጉንዳን፣ እውነቱን ንገሪኝ። ችግር ገጥሞሽ ነው? ቆፍረሻል?»

«አልቆፈርኩም።»

«ቆፍረሽም ከሆነ እኔ ነኝ የቆፈርኩት እላታለሁ። አንቺ እርሻውን ትሠሪበታለሽ። እኔ ምን አለብኝ? ዋሾ መባል እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ይህን ያለው እየቀለደ አልነበረም። የጉንዳን እልህ እዚያች ቦታ ላይ ወገቡ ተሰበረ።

«አልተቆፈረም አልኩህ እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጎላ። «ቦታህ ነው!»

«የምን ቦታ?»

«የመዝጊያህ ቦታ ነዋ! አንተ ከሄድክ ጀምሮ አባዬ እንዲሞላ አልፈቀደም። ድንጋይ ይዤ በወጣሁ ቁጥር ‹ተይው፣ ባለቤቱ ይመጣል› ይለኛል። ማረሻውን የሰበረውን ድንጋይ አብረን ነው ያወጣነው። ጫፉ እንኳ አፈር ውስጥ ነበር፤ ማንም ሊያየው አይችልም። አባዬ አይቶታል። አውቋል። ሲመጣ ይኼን ነው የሚያስቀምጠው ብሎ ተሸክሞ ቤት አመጣው። ማታ ተደግፈኸው የነበረው ድንጋይ እሱ ነው።»

ወንድምየው ጉድጓዱ ዳር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «አውቋል?» አለ። «አባዬ አውቋል?» ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ባለሙያዋ ኮፍያዋን ይበልጥ ደፍታ ያየችውን ድንጋይ መልሳ ማየት ጀመረች።

ጉንዳን ልታዝንለት ይገባ ነበር፤ አዝናለታለችም። ግን ከሐዘኑ በፊት ቁጣዋ ቀድሞ ወጣ።

«አልቅስ፣ ይገባሃል። ለኔስ ማን ያልቅስልኝ? ይኼን ሁሉ ድንጋይ እዚህ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጥለኸን ለሄድከው ላንተ ቦታ ተቀመጠልህ። አጠገቡ ለነበርኩት ለኔ አንዴ እንኳ ‹በይ ዘንድሮ አንቺ አስቀምጪው› ያለኝ የለም። ከሄደ ልጅ የቀረ ልጅ ያንሳል? እሱንስ እሺ፤ አንተም ላይ አኩርፌ ሳልነግርህ ቀረሁ። እሱ ሳይነግርህ ሞተ፣ እኔ ቁሜ እያለሁ ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ወንድምየው እንባውን ጠርጎ ቀና ብሎ አያት።

ባለሙያዋ አቧራዋን አራግፋ ተነሳች። «ጣልቃ መግባቴ አይደለም» አለች። «የቆፈረ ሰው ያወጣውን ድንጋይ ወደ ውጭ ይወረውረዋል፤ የተወረወረ ድንጋይ ደግሞ እንደነገሩ ነው የሚወድቀው። ይኼ ዙሪያውን በእጅ የተደረደረ ነው። ደግሞ ይኼን እዩት።» አንድ ድንጋይ አንስታ አሳየቻቸው። ጎኑ ላይ ቀጭን ዝገት የመሰለ መስመር አለ። «የማረሻ ጭረት ነው። እዚህ ያለው ሁሉ እንደዚህ ጭረት አለበት። ብረት ሳይታወቅ የተከመረ ድንጋይ ላይ የማረሻ ጭረት ከየት ይመጣል? ይኼ በሙሉ የእናንተ ቤት ድንጋይ ነው። መቃብሩ ከታች ነው ያለው፤ አልተነካም።»

ጉንዳን ድንጋዩን ተቀብላ ጭረቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«የእናንተን ድንጋይ ግን ታወርዳላችሁ» አለች ባለሙያዋ። «ማሽን አይገባም፤ በእጅ ነው። ጭረት የሌለበት ድንጋይ ስታገኙ ቁሙና ጥሩኝ።»

«ማስታወቂያው የሚከለክለው መቆፈርን ነው እንጂ መከመርን አይደለም» አለች ጉንዳን፤ የአባቷ ልጅ ናትና።

«አዲስ ማስታወቂያ ይተከላል» አለች ባለሙያዋ።

ወንድምየው ለመሥሪያ ቤቱ ደውሎ ፈቃድ ጠየቀ። «ምን ገጥሞህ ነው?» ቢሉት «ድንጋይ» አላቸው። አዲሱን ክምር የት እንደሚያደርጉት ጉንዳን ስትመርጥ ብዙም አላሰበችበት። ምሥራቁ ጠርዝ ላይ፣ ማረሻው የተሰበረበት ቦታ ይሁን አለች። ጥሩ መሬት ነው፤ ብትሳሳለትም እዚያ ይሁን አለች።

በመጀመሪያው ቀን አልተነጋገሩም። አንዱ ያነሳል፣ አንዱ በእጅ ጋሪ ይገፋል፣ መልሰው ይቀያየራሉ። በሁለተኛው ቀን የሱ መዳፍ ውሃ ቋጠረ። «ይኼ የመኪና መሪ የለመደ እጅ ነው» አለችው የራሷን ጓንት እየወረወረችለት፣ «ድንጋይ ካየ ብዙ ጊዜው ነው።» ከዚያ በኋላ ወሬው ትንሽ በትንሽ መጣ።

ክምሩ ሲወርድ ዓመታቱ ወደ ኋላ ይሄዱ ነበር። ከላይ ያለው እሷ ብቻዋን የተሸከመችው ነው፤ መካከለኛ ድንጋይ፣ አንድ ሰው ያለ አጋዥ የሚችለው። ወንድምየው እያንዳንዱን ሲያነሳ ዓይኑ የማያልቀውን ክምር ይለካል። «ይኼን ሁሉ ብቻሽን?» አለ አንዴ። «ማን ነበረና?» አለችው። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ጠይቋት መለሰችለት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው አባትና ወንድ ልጁ ተጋግዘው ያወጡት ነው፤ ለሁለት የሚከብድ። ከሱ ሥር ደግሞ በትልልቁ መሀል ጡጫ የሚያካክሉ ጠጠሮች መውጣት ጀመሩ።

ወንድምየው አንዷን አንስቶ አያት። «ይቺ ያንቺ ናት» አለ።

«በምን አወቅክ?»

«እዚህ ቤት ጠጠር ተሸክሞ እንደ ተራራ የሚያስከብር ሌላ ሰው ነበረ እንዴ? በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ ‹ዞር በሉልኝ› ትይን ነበር።»

ጠጠሯን ጋሪው ላይ አልጣላትም። ኪሱ ከተታት።

አያትየው ከከመራቸው ትልልቅ ድንጋዮች ሥር አንድ ከሰዓት በኋላ ጭረት የሌለበት ድንጋይ አገኙ። አገላበጡት፤ ንጹሕ ነው። ባለሙያዋ ተጠርታ መጣች፤ በብሩሽ አፈሩን ጠርጋ አየችና «አዎ፣ እነሱ ናቸው» አለች። የታየው አዲስ ነገር አይደለም፤ ያው ድንጋይ ነው፤ ትልቁም ትንሹም በእጅ ተደርድሮ። ሦስቱም ሳያስቡት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን ነው የተቀበረው?» አለች ጉንዳን።

«አይታወቅም። ትልቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም።»

«ድንጋዩን የተሸከሙለትስ?»

«እነሱማ ጭራሽ አይታወቁም።»

«ያው እኔ ነኛ» አለች ጉንዳን፤ ባለሙያዋም ሳቀች። ወንድምየው ግን አልሳቀም። ያቺን ድንጋይ ሲያያት ቆየ።

በመጨረሻው ቀን ጉብታው ድሮ የነበረውን ቁመት ይዞ፣ ዝቅ ብሎ፣ ክብ ሆኖ ታየ። ምሥራቁ ጠርዝ ላይ ደግሞ አዲሱ ክምር ቆመ። ጉንዳን ክምሩን ስትጨርስ እጇ ልማዱን አልረሳም፤ አናቱን ባዶ ተወችው። «ሂድና መዝጊያህን አምጣ» አለችው።

እናትየው እንደ ልማዷ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ተነሺልኝ» አላት ልጇ። «ለምን?» «ድንጋዩን ልወስደው ነው።» «ስንት መሬት ሙሉ ድንጋይ ተሸክመህ ከኔ ሥር ያለው ቀረህ?» ብትልም ተነሳችለት። አቅፎት ሲመጣ ፊቱ ደም መስሎ፣ አንገቱ ሥር በሥር ሆኖ ነበር። እናትየው ምርኩዟን ይዛ እያጉረመረመች ከኋላው ተከተለች። ጉንዳን መንገዱን ለቀቀችለት፤ ክምሩ ግርጌ፣ ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ሄዳ ቆመች።

እሱ ግን አልወጣም። ድንጋዩን አምጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠው።

«አንቺ አስቀምጪው።»

«የበኩር ልጅ ነው የሚያስቀምጠው።»

«ማን አለ?»

«አባዬ ነዋ።»

«አባዬ ይሳሳታል» አለ ወንድሟ። «አንድ ቀን እኔ ላይ ተሳሳተ። አንቺ ላይ ግን ያን ሁሉ ዓመት ነው የተሳሳተው።»

ያን ያህል ዓመት ያላለቀሰችው ሴት ዓይኗ ሞላ፤ በጓንቷ ብትጠርገው ፊቷን ጭቃ አስመሰለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አቀፈች። ከበደ። ከጉልበቷ በላይ አልነሳ አላት። ወንድሟ ሊያግዛት የዘረጋውን እጁን መለሰና ጠበቀ፤ እስክትጠይቀው ጠበቀ።

«ጋሼ» አለች። «በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ተጋግዘው ክምሩ ላይ አወጡት። አናቱ ጋ ሲደርሱ እሱ ለቀቀላትና ወርዶ ከታች ከእናቱ አጠገብ ቆመ። ጉንዳን ድንጋዩን ብቻዋን ገፍታ ባዶው ቦታ ውስጥ አስገባችው። ተንገዳገደ። ወንድሟ ያቺን ጠጠር ከኪሱ አውጥቶ ወረወረላት፤ ጉንዳን ከሥሩ ሸጎጠቻት፤ ድንጋዩ ረጋ። ተነስታ ቆመችና ከላይ ሆና አየቻቸው። እነሱም ከታች ሆነው እሷን እያዩ ነበር።

«ጎሽ ጉንዳኔ» አለች እናትየው። «በሉ እንግዲህ፣ እኔ ምን ላይ ልቀመጥ ነው?»